ከወልወል እስከ ካኮ፦ የተናቀ ጩኸት ጦርነት ይወልዳል

ከቀይ አፈር ወደ ጂንካ የሚጓዝ ሰው ካኮን ሳይነካ አያልፍም። ከደጋው አሪው ቡናውንና እህሉን ይዞ ይወርዳል፤ ከቆላው በናው ማሩንና ፍየሉን ይዞ ይወጣል፤ ገበያው ላይ ይገናኛሉ። የዚህ ርዕሰ አንቀጽ ጸሐፊ ካኮ ላይ መኪና እስኪሞላ ዛፍ ጥላ ሥር ቁጭ ብሎ ሰማንያ ዓመት ከተጠጉ አንድ የአሪ አዛውንት ጋር ወግ ይጀምራል። ወጉ እንደ ወትሮው በዝናብና በቡና ዋጋ ተጀምሮ በጣሊያን አለቀ።

«አባባ፣ ጣሊያን እዚህ ድረስ መጥቶ ነበር እንዴ?»

«መጥቷል እንጂ! አባቴ በዓይኑ አይቶታል።»

«ታዲያ ያኔ አገሩ ምን አለ? አለቀሰ? ተዋጋ?»

አዛውንቱ ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ፣ «ልጄ፣ አባቴ ያን ጊዜ የሰው ገባር ነበር። ለጌታው ያርሳል፣ እንጨት ይሸከማል፣ እናቴ እህል ትፈጫለች። ጣሊያን መጣ ሲባል ጌታው ሸሸ። አባቴ የራሱን ማሳ ብቻ ያረሰው ያን ዓመት ነው። ለማን ያልቅስ ነበር የምትለው?» አሉ።

መልስ አጣን። ዓድዋን፣ ማይጨውንና አምስቱን የአርበኝነት ዓመታት እየዘመርን ያደግን ሰዎች ነን፤ በተማርንበት መጽሐፍ ውስጥ ለዚህ ጥያቄ የተዘጋጀ መልስ አልነበረም። ነገሩን ስናወጣና ስናወርድ ግን የካኮው ጥያቄ የካኮ ብቻ ሆኖ አላገኘነውም። ያ ዓለምን ያቃጠለ ጦርነት ከየት ተነሣ፣ ምንስ ጥሎ ሄደ ከሚለው ከትልቁ ጥያቄ ጋር ሥሩ አንድ ነው። ሥሩም ንቀት ይባላል። ከሥሩ እንጀምር።

የፈረንጅ መጽሐፍ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነሐሴ 26 ቀን 1931 ዓ.ም. ሂትለር ፖላንድን ሲወር ተጀመረ ይላል። ቻይናዊውን ብትጠይቁት፣ የለም፣ ጃፓን በ1924 ዓ.ም. ማንቹሪያን ስትይዝ ነው የተጀመረው ይላችኋል። እኛ ደግሞ የራሳችን ቀን አለን፦ ኅዳር 26 ቀን 1927 ዓ.ም.። ቦታውም ኦጋዴን ውስጥ የሚገኘው ወልወል ነው።

ወልወል ከተማ አልነበረም፤ የግመል መንጋ የሚጠጣባቸው የውኃ ጉድጓዶች ናቸው። ከጣሊያን ሶማሌላንድ ወሰን መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ውስጥ የገባ የኢትዮጵያ መሬት ነው። የኢትዮጵያና የእንግሊዝ የወሰን ኮሚሽን ከነአጃቢ ወታደሮቹ እዚያ ሲደርስ የጣሊያን ቅኝ ወታደሮች ጉድጓዶቹን ከበው አገኛቸው። ለቀናት ተፋጠው ቆዩ፤ ከዚያ ተኩስ ተከፈተ። ከእኛ ወገን ከመቶ በላይ ሰው ወደቀ።

ጉዱ ከዚያ በኋላ ነው የመጣው። ሙሶሊኒ ኢትዮጵያ ይቅርታ ትጠይቅ፣ ለባንዲራዬ ሰላምታ ትስጥ፣ 200,000 ጠገራ ብርም ካሳ ትክፈል አለ። ቤቱ ተሰብሮ የተዘረፈ ሰው ለሌባው ካሳ ይክፈል ሲባል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ኢትዮጵያ ግን አልተሳደበችም። በ1920 ዓ.ም. ከጣሊያን ጋር የተፈራረመችውን የወዳጅነት ውል አወጣች፤ በውሉ መሠረት ጉዳዩ በሽምግልና ዳኝነት ይታይ አለች። ከ1916 ዓ.ም. ጀምሮ አባል ለሆነችበት ለመንግሥታቱ ማኅበርም አቤት አለች። ሙሶሊኒ በበኩሉ በዚያው በታኅሣሥ ወር ኢትዮጵያን ጠቅልሎ ለመያዝ የጦርነቱን ዕቅድ ለሹማምንቱ በጽሑፍ አስተላልፎ ነበር። በዚያው ወር መጨረሻ የፈረንሳዩ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ላቫል ሮም ሄዶ ተፈራረመለትና ተመለሰ። አቤት ባዩ ፍርድ ቤት ሲመላለስ ዳኛው ከተከሳሹ ጋር ራት ይበላ ነበር ማለት ነው።

ዳኝነቱ ለፍሬ የበቃው ከዘጠኝ ወር በኋላ ነሐሴ 28 ቀን 1927 ዓ.ም. ነው። ፍርዱ ምን ነበር? በወልወሉ ጉዳይ ሁለቱም ወገን ጥፋተኛ አይደለም! አንድ ወር አልቆየም። መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር መረብን ተሻገረ።

ማኅበሩ ጣሊያንን ወራሪ ነሽ ብሎ ማዕቀብ ጣለባት። ማዕቀቡ ግን እንዴት ያለ ነው? የጣሊያን መኪናና አውሮፕላን የሚንቀሳቀስበትን ነዳጅ አልነካም። ወታደሩና የመርዝ ጋዙ የሚያልፍበት የስዊዝ ቦይም ክፍት ሆኖ ቀረ። ይባስ ብሎ በዚያው ዓመት በኅዳር ወር የእንግሊዙ ሆርና የፈረንሳዩ ላቫል የኢትዮጵያን መሬት ቆርሰው ለሙሶሊኒ ለመስጠት ተማከሩ። ምክሩ ጋዜጣ ላይ ወጥቶ ባያዋርዳቸው ኖሮ የት ይደርስ እንደነበር አይታወቅም። ማይጨው መጋቢት 22 ቀን ሆነ፤ አዲስ አበባ ሚያዝያ 27 ቀን ተያዘች። ንጉሠ ነገሥቱ ሰኔ 23 ቀን ጄኔቭ ላይ ቆመው ዛሬ በእኛ የደረሰው ነገ በሌላውም ይደርሳል የሚል ማስጠንቀቂያ ሲያሰሙ የጣሊያን ጋዜጠኞች አፏጩባቸው። በቀጣዩ ወር ማዕቀቡ ተነሣ። ፋይሉ ተዘጋ።

አልተዘጋም እንጂ! ሂትለር ከዳር ቆሞ ይታዘብ ነበር። እንግሊዝና ፈረንሳይ በኢትዮጵያ ጉዳይ ሲርመጠመጡ አየና የካቲት 28 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ ማይጨው ሦስት ሳምንት ሲቀረው፣ በውል የተከለከለውን የራይን ወዲያ ማዶ ምድር በወታደር ሞላው። ማንም አልነካውም። ከዚያ ኦስትሪያ፣ ከዚያ ቼኮዝሎቫኪያ፣ ከዚያ ፖላንድ። በሰኔ 1932 ዓ.ም. የጀርመን ወታደር ፓሪስ ገባ። ያኔ ነው የወልወል ጩኸት የተሰማው። ግን በጣም ዘገየ።

የእኛ ሒሳብስ? የኢትዮጵያ መንግሥት ከጦርነቱ በኋላ ለፓሪሱ የሰላም ጉባኤ ባቀረበው ዝርዝር በወረራውና በአምስቱ ዓመት ያለቀውን ሕዝብ 760,000 ገደማ አድርሶታል። ከሰማይ የዘነበው የመርዝ ጋዝ፣ የየካቲት 12 ጭፍጨፋ፣ የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት፣ በየወህኒው ያለቀው ሁሉ እዚያ ውስጥ ነው። በ1939 ዓ.ም. በተፈረመው የሰላም ውል ጣሊያን ለኢትዮጵያ እንድትከፍል የተወሰነባት 25 ሚሊዮን ዶላር ነው። ቆቃ ግድብ የተሠራው በዚህ ካሳ ገንዘብ ነው። ለዚያ ሁሉ ደም አንድ ግድብ!

እስከዚህ ድረስ ሁላችንም እንስማማለን። የዓለም መንግሥታት ናቁን፣ ንቀታቸው መልሶ አቃጠላቸው ብለን በኩራት እናወራለን። የካኮው አዛውንት ጥያቄ ግን የሚጀምረው እኛ የምናቆምበት ላይ ነው። እኛ ጄኔቭ ላይ ስንናቅ፣ እኛስ አገር ውስጥ የናቅነው አልነበረም ወይ?

ነበረ። የዳግማዊ ምኒልክ ጦር በ1880ዎቹ መጨረሻ ወደ ኦሞ አካባቢ ሲወርድ የአሪ አገር በግዛቱ ሥር ገባ። መቀመጫውም የዛሬዋ ጂንካ አጠገብ ያለችው ባኮ ሆነች። ለወታደሩ ደሞዝ አልነበረም። ደሞዙ ሰው ነበር፤ እንደ ማዕረጉ አምስትም አሥርም ከዚያም በላይ ገባር ይቆጠርለታል። ገባሩ ያርሳል፣ ያጭዳል፣ ቤት ይሠራል፣ ስንቅ ተሸክሞ ይዘምታል፣ ማርና እህል ያስገባል። ሌባ ጠፋ ሲባል ሌባሻይ ይመጣል፤ መድኃኒት ጠጥቶ የሰከረ ልጅ ደጁ ላይ የወደቀበት ሰው ዕቃውን ሰረቀም አልሰረቀም ዕዳ ከፋይ ይሆናል። ይግባኝ የት ይባላል? ዳኛውም ጌታውም አንድ ሰው ነው። ዛሬ «ነፍጠኛ» የሚለው ቃል ሕዝብን በጅምላ መስደቢያ ሆኗል፤ እኛ በዚያ መንገድ አንጠቀምበትም፣ የሚጠቀሙበትንም እንነቅፋለን። ከተሾመው ወታደር አብዛኛው ራሱ ከድሃ ቤት የወጣ፣ መንግሥት ደሞዝ ሳይቆርጥለት የላከው ሰው ነበር። ጥፋቱ የሥርዓቱ ነው። ሥርዓቱ ግን ነበረ። ነበረ!

ጣሊያን የአሪ አገር የገባው በ1929 ዓ.ም. ነው። ገባርነት ቀርቷል አለ፤ ባሪያ ነጻ ወጥቷል አለ። ስለ አሪ ሕዝብ ለዓመታት ያጠኑት የአንትሮፖሎጂ ምሁር ዶክተር አሌክሳንደር ናቲ ከሽማግሌዎች የሰበሰቡት ትዝታም የአዛውንቱን ቃል የሚያጠናክር ነው፤ ለብዙ አሪዎች ያ ዘመን ከገባርነት ቀንበር የተነፈሱበት ጊዜ ተደርጎ ይታወሳል። ከቆላው ከሐመር የተሰበሰበው ትዝታም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ይህን መስማት ለእኛ ያማል። ያማል ብለን ግን ውሸት ልንለው አንችልም።

ለመሆኑ ጣሊያን ይህን ያደረገው ለአሪ አዝኖ ነው? አይምሰላችሁ! ሰውየው አዲስ አበባ ላይ ሕዝብ በአካፋና በቦምብ ሲጨፈጭፍ፣ ነጭ ከጥቁር ጋር የትዳር ኑሮ እንዳይኖር በሕግ ሲከለክል፣ ባኮ ላይ ነጻ አውጪ ሊሆን አይችልም። የተበደለ ሰው ባለበት ቤት መግባት ቀላል መሆኑን ስላወቀ ነው። በሩን ሰብሮ የገባ አይደለም፤ በሩን እኛው በበደላችን ከፍተን ጠብቀነዋል። ገባርነት ባይኖር ኖሮ ጣሊያን ለአሪው ምን ይዞ ይመጣ ነበር? ነጻነትን ከነጻ ሰው ላይ ማን ሊሸጥ ይችላል?

የዚህ «ነጻነት» ዋጋም ወዲያው ነው የተከፈለው። ከካኮ ወደ ደቡብ ወርዳችሁ የኦሞ ወንዝ ቱርካና ሐይቅ የሚገባበት ስትደርሱ ዳሰነችንና ኛንጋቶምን ታገኛላችሁ። እዚያ ወሰኑ ላይ ጣሊያን በወዲህ፣ እንግሊዝ በወዲያ ሆነው ተፋጠጡ። ጣሊያን የእኛን አርብቶ አደር መሣሪያ አስታጠቀ፤ እንግሊዝም ቱርካናን ይዞ ቆመ። በከብትና በግጦሽ የነበረው የጥንት ጸብ በአንድ ጊዜ የሁለት መንግሥታት ጸብ ሆነ። በሐምሌ 1931 ዓ.ም.፣ ፖላንድ ገና ሳትወረር፣ ኛንጋቶምና ዳሰነች ኢለሚ በሚባለው የግጦሽ ምድር ላይ ከ200 በላይ ቱርካናዎችን ገደሉ። እንግሊዝ በአውሮፕላን መልስ ሰጠ። ያን ቦምብ የቀመሰው አርብቶ አደር ሙሶሊኒ ማን እንደሆነ፣ ለንደን የት እንዳለች ያውቅ ነበር? ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሣሩ ነው የሚባለው ይኸው ነው።

ጦርነቱ በ1933 ዓ.ም. አለቀ ተባለ። የአዲስ አበባው አለቀ። የኢለሚው ግን መስመር ጥሎ ሄደ። እንግሊዞች ከጦርነቱ ዋዜማ እ.ኤ.አ. በ1938 «ቀይ መስመር»፣ በጦርነቱ መሐል እ.ኤ.አ. በ1944 «ሰማያዊ መስመር»፣ ከጦርነቱ በኋላም እ.ኤ.አ. በ1950 ሌላ የጥበቃ መስመር አሰመሩ። መስመሩን ያሰመረው ሰው ከብት አልነበረውም፤ ከብት ያለውን ሰው ግን አልጠየቀውም። ዛሬም ኢለሚ በኬንያና በደቡብ ሱዳን መካከል እልባት ያላገኘ ምድር ነው፤ የኛንጋቶምና የዳሰነች እረኛም አባቱ ያሰማራበት ሣር ላይ በጥይት ይጠበቃል። ጣሊያንና እንግሊዝ በትነውት የሄዱት ምንሽርና አልቤንም ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ኖሮ በኋላ በክላሽ ተተካ። ጦርነት የሚተወው ርስት እንዲህ ነው።

አርበኛው ታግሎ፣ ንጉሠ ነገሥቱም ተመልሰው ነጻነት ሲታወጅ ለገባሩ ምን ተረፈው? ፍትሐዊ እንሁን፤ በ1934 ዓ.ም. ባርነት በአዋጅ ተሻረ፣ የጉልበት ግብርም በገንዘብ ግብር እንዲተካ ተደረገ። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን መሬቱ ወደ ገበሬው አልተመለሰም። ትናንት ገባር የነበረው ዛሬ ጭሰኛ ተባለ። የስም ለውጥ ሆድ አይሞላም። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ እስኪወጣ ድረስ ሠላሳ አራት ዓመት መጠበቅ ነበረበት። ከማይጨው የሚማር መንግሥት ቢኖረን ኖሮ ይህን ያህል ይቆይ ነበር? መንግሥቱ ያልተማረውን አብዮት አስተማረው፤ አብዮትም ሲያስተምር በዱላ ነው።

ዛሬ በዚህ ታሪክ ዙሪያ ሁለት ጩኸት እንሰማለን። አንደኛው ወገን ስለ ገባርነት ማንሣት አርበኛውን መስደብ ነው ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ አሪው በጣሊያን ተደስቶ ነበርና አርበኝነት የሚባለው የአንድ ወገን ተረት ነው ይላል። ሁለቱም ዋሽተዋል! በጋዝ እየተቃጠለ የተዋጋው አርበኛ እውነት ነው። ለጌታው ሲሸከም ጀርባው የተላጠው ገባርም እውነት ነው። አንዱን እውነት ለማቆም ሌላውን መቅበር አያስፈልግም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፤ የተወጋውን ደግሞ «እርሳው» ማለት ሁለተኛ መውጋት ነው።

እና ይህ ሁሉ ለዛሬ ምን ይጠቅማል የሚል አንባቢ አይጠፋም። ይጠቅማል። ጦርነት የሚጀምረው መድፍ ሲተኮስ አይደለም። ትንሽ የሚባል ሕዝብ አቤት ሲልና ትልቁ ሰው ጆሮውን ሲያዞር ነው። ጄኔቭ ጆሮዋን ለወልወል ነሣች። አዲስ አበባ ጆሮዋን ለባኮ ነሣች። ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በሰሜን የደረሰብንን እልቂት ያየ ሰው ይህን ለማመን መጽሐፍ ማገላበጥ አያሻውም። ፕሪቶሪያ ላይ የተፈረመው ወረቀት መጀመሪያውኑ በአገር ሽማግሌ ፊት ሊፈረም ይችል ነበር። ሳይቃጠል በቅጠል የሚለውን ተረት እናውቃለን፤ የምንጠቅሰው ግን ከተቃጠለ በኋላ ነው።

ደቡብ ኦሞ ዛሬም አቤት የሚለው ነገር አለው። የኩራዝ ስኳር ልማት በ2003 ዓ.ም. ሲጀመር፣ ግልገል ጊቤ ሦስት በ2009 ዓ.ም. ሲመረቅ፣ የኦሞ ጎርፍ ሲመለስ ጠብቆ ደለል ላይ የሚዘራው ሰው ማሳውን የሚያጠጣ ጎርፍ አጣ። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ወንዙና ሐይቁ ሞልተው ብዙ የዳሰነች ሰው ከነከብቱ ተፈናቀለ። መብራት አይምጣ፣ ስኳር አይመረት የሚል ሞኝ የለም። እኛም አላልንም። ነገር ግን መሬቱ ላይ የሚኖረውን ሰው አስቀድሞ መጠየቅ ቅንጦት ነው ወይ? መስመር ያሰመሩትን እንግሊዞች የምንከስሰው ሳይጠይቁ ስላሰመሩ አይደል? እኛ ሳንጠይቅ ስናሰምር ስሙ ልማት ሊባል ነው?

ስለዚህ ይህ ጋዜጣ የሚጠይቀው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ያን ዘመን ከአባቶቻቸው አፍ የሰሙት አዛውንቶች እያለቁ ነውና፣ ጂንካ ዩኒቨርሲቲና ጂንካ ያለው የደቡብ ኦሞ የምርምር ማዕከል ዛሬ ነገ ሳይሉ ድምፃቸውን ይቅረጹ። አንድ ሽማግሌ በሞተ ቁጥር የማይታተም መጽሐፍ ይቀበራል። ሁለተኛ፣ ለልጆቻችን የሚጻፈው ታሪክ የማይጨውን ጀግናና የባኮን ገባር በአንድ ገጽ ላይ ያስቀምጥ። ልጅ እውነትን መሸከም ይችላል፤ የማይችለው አድጎ ዋሽታችሁኛል ሲል ነው። ሦስተኛ፣ በሥልጣን ላይ ያለም ሆነ ነገ ሥልጣን እይዛለሁ የሚል ሁሉ፣ ተቃዋሚ ነኝ ባዩንም ጨምሮ፣ የዳር አገር ሰው አቤቱታ ይዞ ሲመጣ ቁጥሩን ሳይሆን ነገሩን ይመልከት። ወልወልም እኮ በቁጥር ሲታይ የጥቂት ጉድጓዶች ጉዳይ ነበር።

መኪናው ካኮ ላይ ሞላና ረዳቱ ጠራን። አዛውንቱ ተነሥተው እጃችንን ያዙና፣ «ልጄ፣ አዲስ አበባ ስትገባ ጻፈው። ጣሊያንን ወደነው አይደለም፤ የሚወደን አጥተን ነው» አሉ።

ጻፍነው። የሚያነብ መንግሥት ካለ ያንብበው!